የፍሎሪስ እጅ

ሠዓሊው ሉበርት አንሶላውን ከሥዕሉ ላይ ሲስበው መሃል ላይ ያዘበትና መጀመሪያ የታየው የፍሎሪስ እጅ ብቻ ሆነ። እጁ ያረፈው ደግሞ ኢስብራንት ትከሻ ላይ ነው።

በሆርን ከተማ የሽማግሌ መርከበኞች መጦሪያ አዳራሽ ውስጥ ሥዕሉን ያዘዙት ሦስቱ የመጦሪያው የበላይ ጠባቂዎች እንደ ልማዳቸው ተራርቀው ቆመዋል፤ እንጨት ነጋዴው ፍሎሪስ መስኮቱ ጋ፣ ቢራ ጠማቂው ኢስብራንት ምድጃው ጋ፣ ጆሮው የደከመው አዛውንቱ ሜይነርት መሃላቸው።

ፍሎሪስ የኢስብራንትን እህት አግብቶ ነበር። እሷ የሞተች ጊዜ ከሬሳው ኋላ ባል ይቅደም ወንድም ይቅደም በሚል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተገፈታተሩ፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። የመጦሪያው ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው በሜይነርት በኩል ነው። ሜይነርት ደግሞ ግማሹን አይሰማም። ባለፈው ክረምት ለሽማግሌዎቹ ፍራሽ ይገዛ ተብሎ ፈረስ ተገዝቷል።

አብረን ተቀምጠን አንሣልም ስላሉ ሉበርት የሳላቸው በየቤታቸው እየዞረ ነው። ፍሎሪስ ያን ጊዜ እጁን የጣለው ባዶ ወንበር መደገፊያ ላይ ነበር። በኋላ ሸራው ሲጠበው ሉበርት ያንን ወንበር ለኢስብራንት ሰጠው። ማስታረቅ በሐሳቡም አልነበረ፤ ቦታ ነው ያጣው።

ያችን እጅ ግን ሊያጠፋት አልቻለም። ሉበርት እጅ መሣል እንደማይችል በሆርን የማያውቅ የለም። የሚስላቸውን ሰዎች ጓንት ያለብሳል፤ ጓንት የሌለውን እጁን ካባው ውስጥ እንዲከት ይለምናል። የሠዓሊዎች ማኅበር ግብዣ ላይ ባልደረቦቹ ካሮት እያነሱ ሞዴል ትሁንህ ይሉታል። ይቺ ግን እጅ ሆና ወጣችለት፤ ደም ሥሯ ሳይቀር። የዚያን ቀን ብሩሹን ጥሎ ወጥቶ ቦዩ ዳር ለሚያልፈው ጀልባ ሁሉ ባርኔጣውን ሲያነሳ ዋለ።

ፍሎሪስ ወደ ሜይነርት ዞረ። «ለዚህ ሠዓሊ ንገርልኝ፤ እኔ እዚያ ሰው ላይ እጄ አርፎ አያውቅም።»

ሜይነርት ሉበርትን በርኅራኄ አየው። «አርፎ አያውቅም፤ ደክሞታል» አለው።

ኢስብራንት በበኩሉ እጁ ዛሬውኑ ይጥፋ፣ ያየ ሰው ሁሉ ይቅር ያልኩት ይመስለዋል አለ። ፍሎሪስ ወደ ጣሪያው እያየ፣ ይቅር ባይ ካለ እኔ ነኝ አለ። ሉበርት ለመናቸው። የኢስብራንትን ሆድ ላሳንስ አለ፤ አይሆንም። ውድ የዳንቴል አንገትጌ ልጨምርልዎት አለ፤ አይሆንም። የሚለው ሲያልቅበት ያላሰበው ከአፉ አመለጠው።

«እንግዲያው እርስዎን ላጥፋና እጁ ይቆይ።»

ኢስብራንት ፊቱ ቀላ። «እኔን? ለእጅ ብለህ?»

መስኮቱ ጋ ፍሎሪስ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ይሄ ኢስብራንትን ይበልጥ አበገነው። ድሮም ሥዕሉ ውሸት ነው፣ የዚያ ሰው አጭር ክንድ እዚህ ድረስ አይደርስም እያለ ወንበር ጎትቶ ልክ ሥዕሉ ላይ እንዳለው ተቀመጠ። ፍሎሪስ ብዙ ነገር ተብሎ ያውቃል፤ ክንደ አጭር ግን ተብሎ አያውቅም። አዳራሹን በቁጣ አቋርጦ መጣና ከኋላው ቆሞ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ።

ደረሰ።

«አይንቀሳቀሱ» አለ ሉበርት፣ ከልማድ የተነሳ። በየቤታቸው ሲቆጣቸው ስለከረመ ሁለቱም ሳያስቡት ቀጥ አሉ። ምድጃው ውስጥ እንጨት ተሰነጠቀ። ፍሎሪስ እጁን ለማንሳት ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስል ሠዓሊውን ያያል፤ ሉበርት ግን የሚያየው ጣቶቹን ነው። ካባውን ጨብጠዋል። እሱ እንዲህ አልሳላቸውም።

ኢስብራንት ፊቱን ሳያዞር፣ በሜይነርት በኩልም ሳይል፣ «እጅህ ቀለለ» አለ።

«ማን ያበስልልኛል።»

«ከስተሃል ማለት ነው።»

«ከስቻለሁ።»

ሜይነርት አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። «ምን አለ? ለማን ልንገር?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌው ሥዕሉ እንደ አዲስ ሊጀመር ነው ብሎ ገምቶ ሌላ ወንበር ጎተተ። አጠገባቸው ተቀመጠ። አንገትጌውን አስተካከለና አገጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አደረገ።