ከጥናቱ የተሰረዙት እናት

"አንተ! ጣቴን ወንፊት ያደረግከው ልጅ አይደለህም እንዴ?"

በድሉ ዞር አለ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎኩ መግቢያ ላይ፣ ከዘራ የያዙ እናት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሱ እዚህ ብሎክ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው።

"ከጥበቃው ጋር ስትጨቃጨቅ በድምፅህ ነው ያወቅኩህ። ማናለብሽ ነኝ... የዩኒቨርሲቲው ካፌ!"

አስታወሳቸው።

ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ለማስተርስ መመረቂያው፣ አስር የካፌ ሠራተኞችን በባዶ ሆዳቸው እያስመጣ... አንድ ቀን ነጭ ዳቦ፣ ሌላ ቀን የሽምብራ ንፍሮ እያበላ... በየግማሽ ሰዓቱ ጣታቸውን ወግቶ ስኳራቸውን ይለካ ነበር።

ዳቦው ስኳሩን ወዲያው ሽቅብ ይሰቅለዋል።

ሽምብራው ግን ቀስ እያለ ትንሽ ከፍ ያደርገውና ያረጋጋዋል።

ሁለቱም ሆድ ይሞላሉ... ደም ውስጥ ሲገቡ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው።

ያንን ጥናት አማካሪ መምህሩ በራሱ ስም አሳተመው። በድሉ ቢጮህ "ምስክር የለህም" ተባለ።

ይቺን ግፍ ሲያመነዥካት አስራ ሁለት ዓመት ኖረ። ከታክሲ ረዳት እስከ አለቃው ያልነገረው ሰው የለም።

አሁን ምስክር ተገኘ!

"እትዬ ማናለብሽ፣ ያንን ጥናት መምህሬ በስሙ አሳትሞ ወሰደብኝ፤ የሠራሁት እኔ መሆኔን ይመሰክሩልኛል?"

"ምን ጥያቄ አለው! መርፌው ያንተ፣ ደሙ የኔ!" ብለው ሳቁ።

ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ አሮጌውን ደብተር ይዞ ወረደ።

"እስቲ የኔን አንብብልኝ። ውጤታችሁን መጥቼ እነግራችኋለሁ ብለህ እንደወጣህ ቀረህ እኮ! እኔ ዓይኔ አያይም... ስኳር ጋርዶታል። ከእግሬም ሁለት ጣት ወስዶብኛል።"

"መቼ... መቼ ታወቀብዎት?"

"ቁስል አልድን ሲለኝ፣ ካንተ ጥናት ከሰባት ዓመት በኋላ። እስከዚያማ የካፌው ትራፊ ዳቦ ቁርሴም ምሳዬም ነበር። ሲደክመኝ ደግሞ በሻይ... ስኳሩን በዛ አድርጌ!"

በድሉ ገጹን ገለጠ።

ማናለብሽ... ባዶ ሆድ፣ 148። በሳምንቱ፣ ባዶ ሆድ፣ 151። የጤነኛ ሰው በባዶ ሆድ ከመቶ አይበልጥም።

በላዩ ላይ የቀይ እስክሪብቶ ሰረዝ።

ከጎኑ በገዛ እጁ ጽሑፍ፦ "ጤነኛ አይደሉም። ውጤት ያበላሻሉ። ከጥናቱ ይውጡ።"

ያኔ ሊነግራቸው አስቦ ነበር። ከዚያ መምህሩ ጥናቱን ቀማው... በድሉ ተናደደ... ግቢውን ረግሞ ወጣ።

ፊቱ ጋለ።

"የእርስዎ ገጽ ጠፍቷል" ብሎ ደብተሩን ቢዘጋው ማን ያውቃል? አያዩም።

"ምነው ዝም አልክ? ፈተናውን ወደቅኩ እንዴ?" ሳቁ።

አነበበላቸው።

ቁጥሩን... ሰረዙን... ከጎኑ የተጻፈውንም።

ሳቃቸው ጠፋ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር..."

"ብትነግረኝ እኮ ያኔውኑ ሐኪም ጋ እሄድ ነበር። ዳቦውን ትቼ ያንን ንፍሮህን እበላ ነበር። ውድ ነገር አልነበረም።"

በድሉ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

"መምህርህ የወሰደብህ ወረቀት ነው" አሉ ከዘራቸውን እያሻሹ። "እመሰክርልሃለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ለእኔስ... ማን ይመስክርልኝ?"

አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተበዳይ ነኝ ሲል የኖረው ሰው... ደብተሩን እንደያዘ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ወዳጆች... ተበዳይ መሆን ንጹህ አያደርግም። በደላችንን ታቅፈን ስንቀመጥ፣ በእጃችን ያለችው ትንሽ እውቀት የሌላውን ሰው እግር ልታተርፍ እንደምትችል እንረሳለን። የምታውቁትን ሳይረፍድ ተናገሩ።

እናንተስ... በበድሉ ቦታ ብትሆኑ ያቺን መስመር ታነቡላቸው ነበር? ወይስ ደብተሩን ትዘጉት ነበር? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉት።