ለባዶ መቃብር የተቆረጠ ግንድ

ሮቱአ ከመቃብር የወጣውን የአባቷን የጭን አጥንት በእርድ ውሃ ታጥባለች። በአጥንቱ ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን አፈር በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ታወጣና ሎሚ ትጨምቅበታለች። ከጎኗ የተቀመጡት የወንድሞቿ ሚስቶች እየተቀበሉ፣ የሽመና ጨርቅ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ይደረድራሉ።

«ይሄን እግር አያችሁት?» ትላለች አንደኛዋ። «ለካ በዚህ ነው ቄሱ አሜን ሳይሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ይሄድ የነበረው!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ሮቱአም ትስቃለች። አጥንቱን ፀሐይ እንዳይነካው ጥቁር ጃንጥላ ይዞ የቆመው ታናሽ ወንድሟ ሳሃላ ብቻ አይስቅም።

ሳሃላን የአሳሃን ቆላ ሁሉ ቶኬ ይለዋል፤ ጌታ እንደማለት ነው። ከወንዙ እስከ ኮረብታው ያለው የፓልም ዛፍ የእሱ ነው። ዘይት መጭመቂያውም የእሱ ነው። በዚህ በባታኮች አገር ሰው አባቱ የተቀበረበትን መሬት አይሸጥም፤ ሳሃላ ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ መሬት ሽጡልኝ ብሎ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ይልቅ ለባለመሬቶቹ ሟቾች በአስፋልቱ ዳር ባለ አምድ የሲሚንቶ መቃብር ያሠራል፤ ለድግሱ ጎሽ ያርዳል። አጥንቱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በክብር ይዛወራል። በባዶው ጉድጓድ ውስጥ የሙዝ ግንድ ይጋደማል። ግንዱ ከገባ በኋላ ቦታው መቃብር መሆኑ ይቀራል፤ እንደማንኛውም ማሳ ይሆናል። ያን ጊዜ ወራሾቹ መሬቱን ሊሸጡለት በገዛ እግራቸው ቢሮው ድረስ ይመጣሉ።

አሁን የቀረችው አባታቸው ለሮቱአ የተወላት ይህች ጓሮ ናት። በመካከሏ መንገድ ከወጣ ከኮረብታው ማዶ የሚቆረጠው ፍሬ ሳይበላሽ መጭመቂያው ይደርሳል። ስለ መንገዱ ሲጠይቃት «አባባ እዚህ ነው» ብላ ዘጋችው። ስለ አዲሱ መቃብር ሲጠይቃት ግን እሺ አለች። ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው የመንገድ ችካሎች አጥሩ ድረስ መጥተው ቆመዋል።

«ቶኬ፣ ጃንጥላውን ወደዚህ አድርገው» ትለዋለች።

«አንቺም ቶኬ ትይኝ ጀመር?»

«ታዲያ ምን ልበልህ? የጎረቤቶቼን ሙታን በሙሉ አንተ አይደለህ እንዴ ያዛወርካቸው። መልአከ ሞት እንኳ እንዳንተ አልደከመም።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ።

«ለክብራቸው ነው» ይላል ሳሃላ።

«እሱስ ልክ ነህ። የጎረቤቴ የቱምፓል እናት በሕይወቷ ያላየችውን ቤት ሞታ አገኘች። ቱምፓል ግን የአባቱ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ያንተን ፍሬ ይለቅማል።»

ሳሃላ ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጁ ያዛውራል።

የቀሩት የእጅ አጥንቶች ናቸው። ሮቱአ ከሳህኑ ውስጥ ትንሽ የጣት አጥንት ታነሳለች። መሃል ላይ ተሰብሮ፣ ተጣሞ የገጠመ ነው። ሳሃላ አወቀው። የመጀመሪያዋን አሮጌ የጭነት መኪና የገዛ ሰሞን አባቱ ፍሬ ሊጭንለት መጥቶ ነበር፤ የመኪናዋ የኋላ በር ድንገት ወርዶ ጣቱን ሰበረው። ሽማግሌው ጣቱን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ «ምን ታየኛለህ? ጫን እንጂ፤ ፍሬው ይበላሻል» አለው። እስኪመሽ አብረው ጫኑ።

ሮቱአ ትንሿን አጥንት ደጋግማ ታጥባለች። ከጎኗ ያለችው ሴት ልትቀበላት እጇን ብትዘረጋም አትሰጣትም። መዳፏ ውስጥ ትጨብጣታለች።

«እህ፣ አለቀ?» ይላሉ በመቃብሩ አፍ ላይ የተቀመጡት የእናታቸው ወንድም፣ አጎት ማንጋራ። እሳቸው ካልፈቀዱ ግንዱ አይገባም። ጎረምሶቹ የሙዙን ግንድ ከመሬት አንስተው ይጠብቃሉ። «ልጅየው ይመልስ። አባትህ ሁለንተናው ወጥቷል?»

ሳሃላ የእህቱን ጭብጥ ያያል። እሷም አልደበቀችውም። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ ታየዋለች።

«አንተን ነው የሚጠይቁህ፣ ኢቶ» ትለዋለች። የባታክ እህትና ወንድም የሚጠራሩበት ስም ነው፤ ከአፏ ከሰማው ስንት ዘመኑ።

ከማዶ የመጭመቂያው ፉጨት ይሰማል። ወጥቷል ቢል ይበቃል። በሌሎች ሰዎች አፍ የተባለችው ይህች ቃል ናት ቆላውን ሁሉ ያስገኘችለት።

«አልወጣም» ይላል። «አንድ ቀርቷል።»

«የትኛው?»

«እዚሁ የሚቀረው።»

አጎት ማንጋራ እሱን ያያሉ፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ችካሎች ያያሉ፤ ቆይተው ለጎረምሶቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። «ግንዱን መሬት መልሱት በሉ። ውስጡ ሰው ያለበት መቃብር ነው። ማንም እንዳይረግጠው።»

ሮቱአ ወደ ጉድጓዱ ትወርድና ጭብጧን ትፈታለች። ስትወጣ ሳሃላ እጇን ይዞ ይስባታል፤ መዳፏ በእርድ ቢጫ ሆኗል። ጃንጥላውን ለሴቶቹ ሰጥቶ ዶማ ያነሳል። የቢሮ ጫማው አፈሩ ውስጥ ይሰምጣል። መጀመሪያ የላላውን አፈር በእጁ እየዘገነ ያለብሳል፤ ከዚያ በዶማው። ሲሞላ ተንበርክኮ በመዳፉ ያስተካክለዋል።

ዶማውን ከሙዙ ግንድ አጠገብ ያጋድመዋል። ግንዱ ከተቆረጠበት በኩል ገና ውሃ ያንጠባጥባል።