የታተመው ወረቀት እስኪያልቅ

ተቆጣጣሪው የላቦራቶሪውን ውጤት ከማርማላታ ብልቃጦቹ አጠገብ ዘርግቶ ጣቱን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈ። «ከመቶ ግራም አርባ አንዱ ስኳር ነው። የፍሬው የራሱ ስኳር ከአሥር አይዘልም። ብልቃጡ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ደግሞ ‹ስኳር ያልተጨመረበት› ይላል።» ከሁለት ወር በፊት ገበያው ሲቀዘቅዝ ስኳር ጨምሩበት ያለችው ራሷ የማምረቻው ባለቤት ነበረች፤ የታተመው ወረቀት እስኪያልቅ በእሱ ቀጥሉ ያለችውም እሷው። «የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው» አለች፤ ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

በፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን በርጩማ ላይ አሳርፈው፣ ጥግ ይዘው ወረቀቱን ሲለጥፉላት የነበሩት አባቷ ፈገግ አሉ። «ለካ ምላሴ አላረጀም።»

«እንዴት አባዬ?»

«ለስኳር በሽተኛ የሚሆነው የልጄ ማርማላታ ነው ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት ከዚሁ እየወሰድኩ በዳቦ እበላ የለ? ሰሞኑን ጣፈጠኝ። መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን ባነበው ያው ነው። ያንቺን ጽሑፍ ትቼ ምላሴን ልመን? ሐኪሙ ደግሞ ተደብቀው ስኳር ይልሳሉ እያለ እንደ ሕፃን ሲቆጣኝ ከረመ።»

ተቆጣጣሪው ዓይኑን ከፋሻው አንሥቶ እሷን ተመለከተ። አንገቷን ደፋች። አባቷ አዘኑላት። «አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፤ ያሳሳቱን የማተሚያ ቤት ሰዎች ናቸው» አሉና ቀጣዩን ወረቀት ብልቃጡ ላይ አድርገው፣ እጥፋቱ እስኪጠፋ በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ዳበሱት።