የከላላ በቅሎ

መሪጌታው የተቀደደ ካባቸውን ሊያስጠግኑ ሲገቡ፣ ልብስ ሰፊው ቢተው ደንግጦ ቴፑን አጠፋ። በመካነ ሰላም የቅኔ መምህር ፊት ዘፈን አይከፈትም።

«ይቅርታ የኔታ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት ነው።»

«ተወው፣ ይጫወት» አሉ። ቢተው መልሶ ከፈተው።

ዘፈኑን ያውቁታል። በጃንሆይ ጊዜ ለአንድ አዝማሪ በድብቅ የሰጡት ግጥም ነው፤ በየሠርጉ ተዘፈነ፣ ቆይቶ በሸክላ ወጣ፣ አሁን ደግሞ በጊታር መጣ። የካሴቱን ሽፋን አንሥተው አነበቡ፦ «ግጥምና ዜማ፣ የሕዝብ»። ሠላሳ ዓመት የሸፈናቸው ይህ ቃል ነው፤ ዘፈን ለሚደርስ መሪጌታ ልጁን ለትምህርት የሚሰጥ የለም። ሽፋኑን መልሰው አስቀመጡና ሳይታወቃቸው ምቱን በመቋሚያቸው ይከተሉ ጀመር።

ዘፋኙ ቀጠለ፦

«ከላላ ገበያ መኪናዬን አቁሜ፣
ልቤን ያሰርኩበት ጠፋብኝ ዛሬ።»

መቋሚያው ቆመ።

«ቤት አልመታም» አሉ መሪጌታው።

«ምኑ፣ የኔታ?»

«መኪና ደግሞ ከየት መጣ? ‹በቅሎዬን አስሬ› ነበር ያልኩት።»

ቢተው መርፌውን አስቀመጠ። የካሴቱን ሽፋን ቀስ ብሎ አነሣና «የሕዝብ» የሚለውን እንደ አዲስ አነበበው።