ለምሳ ነው የምንሄደው

«ፍራሹም ምሳ ሊበላ ነው?» አለች ሄቨን።

እናቷ አለምዘውድ ቀና ብላ አየችው። ፍራሹ ፒካፑ ላይ ተንጋሎ፣ ባሏ ደሬሳ በገመድ እየጠፈረው ነበር። ጠዋት ለልጅቷ የነገረቻት ካባላጋላ ሰፈር፣ ጓደኛዋ ራቢያ ቤት ምሳ ተጠርተናል ብላ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ለምሳ ከነአልጋ እንደማይኬድ አታጣውም።

«ፀሐይ ሊመታው ነው» አለች እናት፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ሰማዩ ሊዘንብ ጠቁሯል።

ራቢያ መክራት ነበር። «አንቺ ሴት፣ እኔ ካምፓላ ውስጥ አምስቴ ቤት ለቅቄያለሁ። ለልጅሽ ቀደም ብለሽ ንገሪያት። ክፍል በክፍል እየዞረች ቤቱን ትሰናበተው። ያለዚያ ዕቃሽን ጭነሽ ልጅሽን ትተሽ ነው የምትመጪው» ብላ። አለምዘውድ ስቃ አለፈችው። እሷ የምታውቀው ሌላ ነው። ልጅ ያወራል፤ አገር ጥሎ የሚወጣ ሰው ደግሞ ወሬኛ አይወድም። ከአዲስ አበባ ሲወጡ ጎረቤቱን ሁሉ ሠርግ ተጠርተናል ብለው ነው የወጡት። አሁን እዚህ ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ ሰፈር ቤት ተከራይተው ሦስት ዓመት ቢኖሩም ያ ልማድ አልለቀቃትም።

ለናፍቆትም የነገረቻት እንዲሁ ነበር። «ሱቅ ደርሼ መጣሁ።»

ናፍቆት የመጀመሪያ ልጇ ናት፤ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ሄቨን ገና የምትታዘል ሕፃን ነበረች። መንገዱ ለሁለት ልጅ አይሆንም፣ ትልቋን በወር በሁለት ወር እናስመጣታለን ተብሎ አክስቷ ዘንድ ተተወች። ሮጣ እንዳትከተላት አለምዘውድ ቀይ ጫማዋን ደበቀችባት። በጥድፊያ የወሸቀችው ግን በገዛ ራሷ ጥቁር ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሞያሌ ደርሳ ስትከፍተው ጫማው አብሯት መጥቷል። እስከ ዛሬም ከሻንጣዋ ሥር አልወጣም። ወሩ ዓመት ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ናፍቆት በማጅራት ገትር መሞቷ በስልክ ተነገራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሄቨን እህት እንደነበረቻት የነገራት ሰው የለም።

«ሄቨን! ነይ እንሂድ!»

ልጅቷ ከአጠገቧ የለችም። ከጓሮ በኩል ካለችው ክፍል ድምፅዋ ይሰማል። ጥቂት ታወራለች፤ ዝም ትላለች፤ ደግሞ ታወራለች። ዝምታው ሌላ ሰው መልስ እስኪሰጥ የሚፈጀውን ያህል ነው።

አለምዘውድ ገባች። ክፍሉ ባዶ ነው። ሄቨን መሬት ተቀምጣ ፊቷን ወደ ጥጉ አዙራለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከልጅቷ ጋር። አልሄድም አለች።»

«የቷ ልጅ?»

«እዚህ የምትኖረዋ ናታ፣ ማሚ። እናቷ ሱቅ ደርሼ መጣሁ ብላታለች። እየጠበቀቻት ነው።»

አለምዘውድ ግድግዳውን ያዘች። ደሬሳ ነግሯት ይሆን? ደሬሳ እንኳን ሊያወራ፣ ናፍቆት የሚል ቃል በዘፈን ሲመጣ ካትዌ ሰፈር ባለው ብየዳ ቤቱ እንኳ ሬዲዮ የሚያዘጋ ሰው ነው። ደግሞም ያን ቀን እሱ ቀድሞ መናኸሪያ ሄዷል። እናትና ልጅ በሩ ላይ ሲለያዩ አጠገባቸው ማንም አልነበረም።

«አልዋሸሁም። ይኸው ቁመቷ!» ሄቨን የበሩን መቃን አሳየቻት።

ደሬሳ በየእንቁጣጣሹ ልጁን መቃኑ ላይ ያስደግፍና ቁመቷን በሚስማር ይጭራል። ሦስቱ ጭረቶች እየተበላለጡ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከጎናቸው አለምዘውድ አስተውላው የማታውቅ ሌላ መስመር አለ፤ አንድ ብቻ፣ ግን ጠለቅ ያለ።

«አባዬ ለክቶኝ ሲወጣ እኔ ደግሞ እሷን እለካታለሁ። ሦስት ጊዜ ለካኋት። አታድግም። ዘንድሮ በለጥኳት።»

አለምዘውድ መስመሩ ላይ እጇን አሳረፈች። ናፍቆት መጥታ ስትለጠፍባት መዳፏ በልጅቷ ራስ ላይ የሚያርፈው እዚሁ ከፍታ ላይ ነበር፤ ከወገቧ አንድ ጣት ከፍ ብሎ። እጇ አልረሳውም።

ውጭ ሾፌሩ ክላክስ አስጮኸ።

«ምን ልበላት?» አለች ሄቨን። «ምሳ በልተን እንመጣለን ልበላት?»

በይያት፣ ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ መልሳ ዋጠችው። ከዚያ ፈራች፤ ከአገር ከወጣች ወዲህ እንደዚህ ፈርታ አታውቅም። ተንበርክካ ወደ ባዶው ጥግ ዞረች።

«ናፍቆት» አለች። «ሱቅ አልሄድኩም። ዋሸሁሽ፣ የኔ ልጅ። ጥዬሽ ነው የሄድኩት። ላመጣሽ ነበር፤ አላመጣሁሽም። ዛሬ ደግሞ ይህን ቤት እየለቀቅን ነው። አንመለስም።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ሄቨን ዞረች። «እህትሽ ናት።»

ሄቨንን ምንም አልገረማት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ።

«ምን አለችሽ?» አለች አለምዘውድ በሹክሹክታ።

«ምንም። ጫማዋን እየፈለገች ነው።»

አለምዘውድ ተነስታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ደሬሳ የመጨረሻውን ቋጠሮ እያጠበቀ ነበር።

«ፍታው» አለችው። «ጥቁሯን ሻንጣ አውርድልኝ።»

ደሬሳ ሻንጣዋ እኮ ከሁሉም ሥር ናት ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ፊቷን አየ። ገመዱን መፍታት ጀመረ።