መስታወት የለመደ እጅ

«ይኸው! ሄደች!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ማውሱን ወዲያና ወዲህ እየሳበ። የጥንቱ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለችው ቀስት እጁን እየተከተለች ተንቀሳቀሰች።

የማሽኑ የራሱ ማውስ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚተካውም ገበያ ላይ የለም። ስለዚህ አዲስ ማውስ ከአሮጌው ማሽን ጋር የሚያስታርቅ አዳፕተር ራሱ ሠራ። ሽቦዎቹን በይዶ ባዶ የፀጉር ቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸው። ቆርቆሮው ሲሞቅ ሱቁን በሙሉ ያውደዋል።

ይህን ሁሉ የለፋው ለአንድ ሥዕል ነው። ሚስቱ እጮኛው ሳለች በዚሁ ማሽን ሥሏታል። ከዚያ በፊት ሥሎ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሞከረውም። ሥዕሉ ደግሞ ሌላ የትም የለም።

ሚስቱ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢውን አስከትላ ገባች። ማሽኑ ዛሬ ካልሠራ ለሰውዬው ሊሰጠው ፀጉር አስተካካዩ ቃል ገብቶ ነበር።

«ይሠራል» አላት።

«እኔ ራሴ ካልሞከርኩት አላምንም። አንተ የተቃጠለ ራዲዮ እንኳ ‹እየተሻለው ነው› ትላለህ።»

የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ወደ ጠረጴዛው ዞራ ማውሱን ያዘች። ወደ ቀኝ ሳበችው። ቀስቷ ወደ ግራ በረረች።

«ምን ነክቶታል? ቀኝ ስለው ግራ ይሄዳል!»

«ታዲያ ወዴት ሊሄድ ነበር?» አለ ከልቡ ተገርሞ።

ዕቃ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ የተገላበጠ ይመስለኛል» አለና ጆንያውን መዘርጋት ጀመረ።

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አየው። ዕድሜ ልኩን መስታወት ውስጥ እያየ ሲቆርጥ የኖረ እጅ ነው፤ ግራና ቀኝ ከተቀያየሩበት ቆይቷል። ሽቦዎቹንም የበየደው ሶኬቱን በስተኋላው እያየ ነበር፤ ሲሞክረውም አንዳች ስህተት አልታየውም። እንደገና ለመበየድ ደግሞ ሰውዬው ቆሞ አይጠብቀውም።

ድንገት የወንበሩን መደገፊያ ያዘና ሚስቱን እንዳለች ወደ ግድግዳው መስታወት አዞራት።

«አንተ ሰውዬ! አዞረኝ እኮ!»

ሕፃናት ሲመጡ የሚያስቀምጥባትን ሳንቃ በወንበሩ ክንዶች ላይ ጋደም አደረገና ማውሱን አኖረላት። «በመስታወቱ አድርገሽ እዪው።»

ከጀርባዋ ያለው ስክሪን መስታወቱ ውስጥ ታያት። ማውሱን ወደ ቀኝ ሳበችው፤ ቀስቷም እንደ ጨዋ ልጅ ወደ ቀኝ ሄደች። አንዴ ጫን፣ አንዴ ደግሞ ጫን አደረገች።

ሥዕሉ ተከፈተ። ሚስቱ ይህን ሥዕል ወድዳው አታውቅም። «ይቺ እኔ አይደለሁም፤ ጉንጬ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ያለ ቦታው ነው ያደረግከው» እያለች ስትነዘንዘው ነው የኖረችው።

አሁን ግን አንገቷን ወደ መስታወቱ አሰገገች።

«ልውሰደው፣ እትዬ?» አለ ዕቃ ሰብሳቢው፣ ወደ ማሽኑ እየተራመደ።

«ዞር በል እስቲ፣ ጋረድከኝ!»

ሰውዬው ጆንያውን እንደያዘ ገለል አለ። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች፣ የወንበሯና የሥዕሏ፣ ጎን ለጎን ታዩ፤ የጉንጫቸው ነጥብ በአንድ በኩል ነው። ትልቋ ፀጉሯን በጣቶቿ ታስተካክል ጀመር።