ምልክታቸው የታጠበ ኪዩቦች

ሦስተኛው ኪዩብ መጭመቂያው ማሽን ውስጥ ገብቷል። ቴክኒሻኑ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ያየዋል፣ በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፣ እንደገና ያየዋል። ተማሪዋ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ይኼስ የማን ነው?» ይላሉ አማካሪዋ።

«ማሽኑን ይጠይቁት፣ ዶክተር» ይላል ቴክኒሻኑ።

ሳቁ ዞሮ እሷ ላይ ያርፋል። ዛሬ ጠዋት ከውሃ ገንዳው ስድስት የኮንክሪት ኪዩቦች ወጥተዋል። ሦስቱ የእሷ፣ ሦስቱ ሁሉም «ኮንትራክተሩ» የሚለው የክፍል ጓደኛዋ ናቸው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት የብረት ሣጥን ነው የሞሏቸው። ምልክቱን የጻፈችው እሷ ናት፤ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ፣ በነጭ ሰሌዳ ማርከር። ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ ለሚነከር ኮንክሪት! ውሃው አጥቦ አጥፍቶታል። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ካፍቴሪያ ደርሷል።

ከላይ ሲታዩ ሁሉም አንድ አመድማ ናቸው። ልዩነቱ ሆዳቸው ውስጥ ነው፤ በእሷዎቹ ውስጥ ከጠጠሩ ከፊሉ ወጥቶ ቀይ የሸክላ ጡብ ስብርባሪ ገብቷል። ሚዛን ሞክረው ነበር፣ አልለየላቸውም። ያለው መንገድ መስበር ብቻ ነው።

ሁለቱ ተሰብረዋል። ሁለቱም ውስጣቸው አመድማ፣ ሁለቱም የኮንትራክተሩ። ጥንካሬያቸው ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ሜጋፓስካል።

«እጅ ማለት ይሄ ነው!» ይላል ኮንትራክተሩ፣ መዳፉን ለሰው ሁሉ እያሳየ። «ጡቤ፣ አንቺ ግን እውነቱን ንገሪን፤ ቤት ልትሠሪ ነው ወይስ ማሰሮ?»

ፈገግ ትላለች። መልስ ሁልጊዜ የሚመጣላት ማታ፣ አልጋዋ ላይ ነው።

አማካሪዋ የነገሯት አጭር ነበር። የጡቡ ኮንክሪት ሃያ አምስት ካልደረሰ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ትቀይሪያለሽ። ርዕስ መቀየር ማለት ከዜሮ መጀመር ነው፤ የመሥሪያ ቤቷ የትምህርት ፈቃድ ደግሞ ከዚህ ሴሚስተር አያልፍም። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ማስተርሷን ልትይዝ ነው» ብለው ጨርሰዋል።

ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምራል። ቁጥሩ ይወጣል። አሥራ አምስት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ትንፋሿን ትይዛለች፤ የመጀመሪያ ሙከራዋ የፈረሰው እዚህ ላይ ነበር። ደረቁ ጡብ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ጨርሶበት። በዚህኛው ጡቡን ቀድማ ውሃ ውስጥ አሳድራዋለች። አማካሪዋ ትከሻቸውን ነቅንቀው፣ «የራሰ ጡብ ያው ጡብ ነው» ነበር ያሏት።

ሃያ አምስት። ሃያ ስምንት። ሠላሳ።

«የኔ ነው!» ይጮኻል ኮንትራክተሩ። «ሦስቱንም ጨረስኩ!» ወደ ኋላ መጥቶ ትከሻዋን መታ ያደርጋታል። «አይዞሽ ጡቤ፣ ያንቺም ተራ ይደርሳል።»

እሷም የእሱ መስሏታል። በልቧ ለእናቷ የምትለውን እየደረደረች ነው፤ እማዬ፣ ትንሽ ይዘገያል፣ እማዬ፣ ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል።

ኪዩቡ ሠላሳ ሦስት ላይ ይፈነዳል። ቴክኒሻኑ መከላከያውን ከፍቶ እጁን ያስገባና እዚያው ይቆያል።

«ኮንትራክተር፣ ና እስቲ ንብረትህን ውሰድ።»

እየሳቀ ሄዶ ያጎነብሳል። ሳቁ ይቀራል።

ውስጡ ቀይ ነው።

አማካሪዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አንድ ስባሪ ያነሳሉ። ወደ መስኮቱ ያስጠጉታል፣ ያገላብጡታል።

«ነይ ወዲህ» ይላሉ። ሰው መንገድ ይለቅላታል። «ስንጥቁን አየሽው? ጡቡን ዞሮት አላለፈም። እኩል ሰንጥቆት ነው የሄደው። ሲሚንቶው ይዞታል ማለት ነው። እንዴት ያዘው?»

ማታ አይደለም፣ አልጋዋ ላይም አይደለችም፤ መልሱ ግን መጥቷል።

«ሲሚንቶው ሲጠማው ጡቡ ከውስጥ እያጠጣው ይመስለኛል፣ ዶክተር። መጀመሪያ ጊዜ ደረቁን ስጨምረው ይቀማው ነበር። ጠግቦ ሲገባ ግን ይሰጠዋል። ገንዳው የሚያጠጣው ላዩን ነው፤ መሃሉ ድረስ የሚደርሰው ጡቡ ነው።»

በዚህ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። አማካሪዋ ስባሪውን ለእሷ ያቀብሏታል። ከዚያ፣ «ምዕራፍ አራት ላይ ልክ አሁን እንዳልሽው አድርገሽ ጻፊው» ይሏታል። «አታሳምሪው።»

አራተኛው ቀይ ነው፤ ሠላሳ ሁለት። አምስተኛው አመድማ፣ ሃያ ስምንት። ኮንትራክተሩ የራሱን ስባሪ እግሩ ሥር ጥሎ፣ «በቃ፣ እኔ ማሰሮውን ነው የምገዛው» ይላል፤ በዚህ ጊዜ ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።

የቀረው ኪዩብ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ቴክኒሻኑ ሊያነሳው ሲል እጇን ታስቀድማለች። ከባድ ነው፣ ደረቷ ላይ አስደግፋ ትወስደዋለች፤ መሃል ለመሃል ታስቀምጠዋለች። ቴክኒሻኑ ከቁልፉ አጠገብ ዞር ይልላታል።

ትጫነዋለች።

ሃያ ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ሃያ አንድ ላይ ሦስት ሆነዋል፤ ሃያ ሦስት ላይ ክፍሉ በሙሉ፣ ከሁሉም በላይ ኮንትራክተሩ። ሃያ አምስትን ሲሻገር ጩኸቱ የማሽኑን ድምፅ ይውጠዋል። እሷ ቁጥሩን ማየት ትታለች። የምታየው አማካሪዋን ነው፤ ድምፅ አያወጡም፣ ከንፈራቸው ግን ከሌሎቹ እኩል ይቆጥራል።